የተጠቃሚው ጓዝ፦ የዊንዶውስ ፕሮፋይል ዝውውር አጭር ታሪክ

አንድ ሠራተኛ በኮምፒዩተር ለዓመታት ሲሠራ የጻፋቸው ሰነዶች፣ የመረጣቸው አሠራሮችና ልማዱ ሁሉ በስሙ በተከፈተ ፎልደር ይከማቻሉ። ይህም የተጠቃሚ ፕሮፋይል ይባላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲለወጥ ይህ ጓዝ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን ቀላል ሆኖ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዊንዶውስ ኤን ቲ 4.0 ፕሮፋይሎችን ያስቀምጥ የነበረው በራሱ የሲስተም ፎልደር ውስጥ ነበር። በ2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ግን «ዶኩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ወደተባለ ራሱን ወደቻለ ቦታ አወጣቸው። ይሁን እንጂ ከኤን ቲ 4.0 በማሻሻል የመጡት ኮምፒዩተሮች አሮጌውን ቦታ እንደያዙ ቀሩ።

ከዚህ የበለጠውን ለውጥ ያመጣው በ2006 መጨረሻ ለድርጅቶች የቀረበው ቪስታ ነው። ፎልደሩ «ዩዘርስ» ተባለ፤ የቀድሞውን አድራሻ የሚጠሩ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉም ወደ አዲሱ የሚመራ ማያያዣ ተተወላቸው። ፕሮፋይል በሰርቨር ላይ በሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት ግን የአዲሱና የአሮጌው አደረጃጀት ስላልተጣጣመ፣ በአዲሱ ስም መጨረሻ ላይ «ቪ 2» የሚል ምልክት ተጨመረ። ከዚህም የተነሣ ጠዋት በኤክስ ፒ፣ ከሰዓት በኋላ በቪስታ የሚሠራ ሰው ሁለት የተለያዩ ፕሮፋይሎች ኖሩት። መፍትሔውም ሰነዶቹን ከፕሮፋይሉ ለይቶ፣ ሁለቱም ሊደርሱበት በሚችሉት የሰርቨር ፎልደር ማኖር ሆነ። ዊንዶውስ 10 ራሱ በ2015 «ቪ 5»፣ በ2016 ደግሞ «ቪ 6» የሚሉትን ምልክቶች ይዞ ወጥቷል።

በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ከኤክስ ፒ በቀጥታ ማሻሻል አልተቻለም፤ ሲስተሙን እንደ አዲስ መትከል ግዴታ ሆነ። የኤክስ ፒ ድጋፍም ሚያዝያ 8 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ጊዜው የተወሰነ ነበር። ለዚህ የቀረበው የማይክሮሶፍት የማዛወሪያ መሣሪያ ሁለት ተግባራት አሉት፤ «ስካን ስቴት» ይሰበስባል፣ «ሎድ ስቴት» ይመልሳል። ምን እንደሚወሰድና ምን እንደሚቀር የሚወስኑት ባለሙያው በኤክስ ኤም ኤል የሚያዘጋጃቸው ደንቦች ናቸው። በአራተኛው እትም የተጨመረው ዘዴ ደግሞ ፋይሉን ሳይገለብጥ፣ እዚያው ዲስክ ላይ እንዳለ በሁለተኛ ስም ያቆየዋል፤ በዚህም ጊዜና ቦታ ይቆጠባል፤ ዲስኩ ፎርማት ከተደረገ ግን ሁሉም ይጠፋል።

መሣሪያው ፕሮግራሞችን አያዛውርም፤ የሚያዛውረው ፋይሎችንና ቅንብሮችን ብቻ ነው። በሲስተሙ የተመሰጠረ ፋይል ካገኘም፣ ምን እንዲደረግ አስቀድሞ ካልተነገረው በስተቀር፣ ሥራውን ያቆማል። ይህ ማቆም ጉድለት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ዝም ተብሎ የቀረ ፋይል የሚታወቀው አሮጌው ዲስክ ከጠፋ በኋላ፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ነውና።