ታንኳ
ደንገል፣ ገመድ፣ የቀርከሃ መቅዘፊያ። ጣና ሐይቅ።

በድንበሩ ከተሞች በመተማና በገላባት በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሲሻገር ከኖረው የጣና ደረቅ ዓሣ ከፊሉ የተጠመደው እንዲህ ባለ ታንኳ ነው። በአሠራሩ የታወቁት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ናቸው።

ጎኑን ጠጋ ብለው ይዩት። ውኃ እንዳይገባበት የተደፈነ ነገር የለም። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ፣ ማዕበል ቢረጨው ውኃው በእስሮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ እንደ ቦርቧራ ጀልባ ሞልቶ አይሰምጥም። ዓሣ አጥማጁ የሚቀመጠው መሃል ላይ ከፍ ብሎ በተነጠፈ ሌላ የደንገል እስር ላይ ነው፤ ጭነቱም እዚያው ሳይርስ ይቆያል። ዛሬ ለባሕር ዓሣ ማስገሪያ የሚሠሩት የፕላስቲክ ካያኮችም በዚሁ ሐሳብ የቆሙ ናቸው፦ መቀመጫው ከላይ፣ ውኃው በቀዳዳ ወደ ታች። መቅዘፊያውም እንደ እነሱ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ የሚቀዝፍ አንድ ዘንግ ነው።

ድክመቱ ደንገሉ ውኃ መምጠጡ ነው። ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

ደንገሉን ውቅያኖስም ፈትኖታል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. በጣና ደንገል ያሠራው ጀልባ «ራ» ከሞሮኮ ተነሥቶ የኋላው ክፍል ውኃ ጠጥቶ ስለዘቀጠ መንገድ ላይ ተተወ። በ1970 የቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች ያበጁት «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ነበር፤ የተለየው አስተሳሰሩ ነው።