ከብራና እስከ ሰርቨር፦ መዝገብ የት ይቀመጥ?

ላስታ ውስጥ የመሬት መረጃ መመዝገብ ዛሬ የተጀመረ ሥራ አይደለም። የላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም ወንጌል ንጉሥ ላሊበላ የሰጠውን መሬት የሚዘረዝር ጽሑፍ ይዟል። የመሬት ስጦታን በወንጌል ገጽ ላይ ማስፈር የአገሩ ልማድ ነበር። ወንጌልን ደፍሮ የሚፍቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም፤ ብራናም ውሃና እሳት ካላገኘው ዘመናትን ይሻገራል። የቀደሙት ያስቀደሙት ፍጥነትን ሳይሆን መታመንንና ዕድሜን ነው።

ግን ብራናም ብቻውን አልበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ 1,000 የሚጠጉ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋቸው፤ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ጥፋቱ የብራናው አልነበረም፤ ሁሉም አንድ አምባ ላይ መከማቸቱ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ትምህርቱ የገባቸው ሰዎች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደ። እዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ዘርዝረው ካታሎግ አዘጋጁለት። የላሊበላው ወንጌልም ከነመሬት ጽሑፉ በፊልሙ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። መብራትም ስልክም ተቋረጠ። መዝገቡን በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያኖረ መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይተርፈዋል?

ታዲያ አንድ ወረዳ ለዳታቤዙ ሰርቨር ሲገዛ ምን ያስቀድም? ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም! መጀመሪያ ዲስኩ፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ የጀመረውን ጽፎ የሚጨርስበት መጠባበቂያ ኃይል ያለው ኤስኤስዲ፣ ያውም ሁለት፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ። ቀጥሎ ስሕተቱን ራሱ የሚያርም ሜሞሪ፣ ከዚያ ዩፒኤስ። ፕሮሰሰሩ መጨረሻ ይምጣ፤ የአንድ ወረዳ መዝገብ ያን ያህል አያስጨንቀውም።

ከፍታውም ይታሰብ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ሲሳሳ ማቀዝቀዣ ይደክማል፤ በተለመደው የዘርፉ መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ሰርቨሩ የሚችለው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አየር የሚገባው ተራ ሃርድ ዲስክም አብዛኛውን ጊዜ የተፈቀደለት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሁለቱ ዲስኮች ያሉት አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ከተዘረፈ ሁለቱም ይሄዳሉ። ቅጂውን ወልድያ ወይም ደሴ መላክ ብቻም አይበቃም፤ ሁለቱም ከተሞች በዚያው ጦርነት ተይዘው ነበር። አንድ ቅጂ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ፣ ሌላው ከኔትወርክ ተነቅሎ በቁልፍ ይቀመጥ። በየጊዜውም ተከፍቶ እንደሚሠራ ይፈተን። ውድ ሰርቨር ተገዝቶ ለቅጂው ገንዘብ ካልተረፈ፣ ርካሹን ገዝቶ ቅጂውን ማብዛት ይሻላል።

ነገ ገበሬው ድንበሩ ሲገፋበት መዝገቡን ፈልጎ ይመጣል። ያን ቀን የሚጠይቀን የማሽኑን ሞዴል አይደለም፤ ስሙ መኖሩን ነው።