የታሪክ ማስታወሻ፦ ብርድና ልብ

 

የልብ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ የማን ስም እንደሚጠራ አውቃለሁ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ክርስቲያን ባርናርድ። «ልብን መጀመሪያ የከፈተው እሱ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም! ባርናርድ በ1967 እ.ኤ.አ. ልብ በልብ ተካ፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልነፍገውም። ልብ ተከፍቶ፣ በዓይን እየታየ የተሰፋው ግን ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያስቻለውም ብርድ ነው። ልድገመው፤ ብርድ!

የዛሬው ሰውዬ ዊልፍሬድ ቢግሎው ይባላል፤ የካናዳ፣ የቶሮንቶ ሐኪም። በ1941 እ.ኤ.አ. ውርጭ የበላቸውን የአንድ ወጣት ጣቶች ቆረጠ። ሌላው ቢሆን ቆርጦ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ቢግሎው ግን ብርድ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው ሲያስብ ዕድሜውን ፈጀ።

ችግሩ ምን ነበር? እዚህ ሰኮሩ ከተማ መንገድ ዳር መኪና የሚጠግን ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚፈታው። ልብ ግን ለጥቂት ደቂቃ ከቆመ አንጎል ይጎዳል። ቢግሎው «ሰውነት ሲቀዘቅዝ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጊዜ እናገኛለን» ብሎ ውሾችን እያቀዘቀዘ ሞከረ።

ታዲያ ሰው ላይ መጀመሪያ የተሳካለት እሱ ነው? እሱም አይደለም! ቀደሙት። ነሐሴ 27 ቀን 1944 ዓ.ም. (በ1952 እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሐኪሙ ጆን ሉዊስ የአንዲት የ5 ዓመት ልጅን ሰውነት ወደ 28 ዲግሪ አቀዝቅዞ፣ የልቧን ቀዳዳ በ5 ደቂቃ ተኩል ሰፋ። ልጅቷ ዳነች። ሐሳቡ ግን የቢግሎው ነው፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሲያቀዘቅዘው የአንድ ውሻ ልብ ቀጥ አለ። ቢግሎው በያዘው መሣሪያ ነካ አደረገው። መታ! እንደገና ነካው፤ እንደገና መታ። ከዚያች ቅጽበት ተነስቶ፣ ከመሐንዲሱ ከጆን ሆፕስ ጋር በ1950 እ.ኤ.አ. የልብ ምት ማስነሻ መሣሪያ ሠራ። ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ከሚያሳልፍ እንስሳም «የእንቅልፉን ቅመም አገኘሁ» ብሎ ዓመታት ደከመበት፤ ለካስ ከፕላስቲክ ቱቦው የወጣ ኬሚካል ኖሯል! እኔ ግን ለዚህም እወደዋለሁ።

ከዚያ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካ ማሽን መጣ፣ ብርዱም ረዳቱ ሆኖ ቀረ፤ በዚህ አልፈዋለሁ።

ዛሬ ብርድ ሌላ ሥራ ይዟል። ምቱ ለተዛባ ልብ፣ በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ፊኛ አለ፤ ፊኛው ውስጥ ወደ ጋዝነት የሚተን ፈሳሽ፣ ፊኛው የነካውን ሥጋ ያቀዘቅዛል። «ልብ ሁሉ በረዶ ይሆናል» የሚባለው ተረት ነው። የሚሞተው የነካው ቦታ ብቻ ነው፤ ጠባሳው የተሳሳተውን ምልክት ያግዳል። ፊኛው በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በጫፉ ብቻ የሚያቀዘቅዝ ቱቦም አለ፤ በእሱ ሐኪሙ መጀመሪያ ቀለል አድርጎ አቀዝቅዞ ይፈትናል፤ ቦታው ካልሆነ ያሞቀዋል፣ ሥጋውም ያገግማል። ሥጋውን በሙቀት ማቃጠል ይህን ዕድል አይሰጥም። የጠበበ የእግር ደም ሥርን በቀዝቃዛ ፊኛ መክፈትም ተሞክሮ ነበር፤ ከተራው ፊኛ እምብዛም አልበለጠም።

እኛስ? ዶ/ር በላይ አበጋዝ ለዓመታት ለፍተው ባቆሙት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ልብ ይከፈታል። ወረፋውን ግን ታውቁታላችሁ። ከሕሙማኑ የብዙዎቹን ልብ የጎዳው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የጀመረ፣ መገጣጠሚያን አሳብጦ ያለፈ በሽታ ነው። የልብን በር ያበላሻል፤ ምቱንም ያዛባል። ይህን ደግሞ ፔኒሲሊን ይከላከለዋል።

እናቶች፣ አባቶች፤ የልጃችሁ ጉሮሮ ሲቆስል፣ ጉልበቱ ወይ ክርኑ ሲያብጥ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በየወሩ መርፌ ከታዘዘለትም አታቋርጡበት።