የካርታኼና ግንብና ያነፁት እጆች

በኮሎምቢያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳር የተቈረቈረችውን የካርታኼናን ከተማ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ወደ ጥንታዊው ክፍል የሚዘልቀው አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት ማማ በተሠራበት በር ነው። በሩን አልፎ ጥቂት እንደ ተራመደ ሦስት ማዕዘን ያለው አደባባይ ይቀበለዋል። በአንደኛው ወገን ባለ ቅስት መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ጥላ ሥር ከኮኮናት፣ ከሰሊጥ፣ ከፓፓያና ከስኳር የተሠሩ ጣፋጮች በብርጭቆ ዕቃ ተሞልተው ይሸጣሉ። ከአደባባዩ መካከል የከተማይቱ መሥራች የፔድሮ ዴ ኤሬዲያ ሐውልት ቆሟል። እንግዳው ጣፋጩን ይቀምሳል፤ ከሐውልቱ ሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ያልፋል። የረገጠው መሬት ግን በአሜሪካ አህጉር ከነበሩት ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር።

ካርታኼና የተመሠረተችው በ1533 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስፓኞች ከመድረሳቸው በፊት በቦታው ካላማሪ የሚባል የነባሩ ሕዝብ መንደር ነበር። ኤሬዲያና ወታደሮቹ መንደሩን ከያዙ በኋላ ወደ ደቡብ ዘልቀው የሴኑ ሕዝብ ሙታኑን ከወርቅ ጌጥ ጋር የቀበረባቸውን ጉብታዎች እየቈፈሩ ዘረፉ። እንግዲህ የከተማይቱ የመጀመሪያ ሀብት ከመቃብር የወጣ ነው ማለት ነው። ከዝርፊያው የተረፈው ዛሬ በቦሊቫር አደባባይ በሚገኘው የወርቅ ሙዚየም ይታያል። እንደ ክር የቀጠነውን የጆሮ ጌጥ የሚመለከት ሰው፣ ድል አድራጊዎቹ አቅልጠው ወደ አገራቸው የላኩት ወርቅ ብቻ እንዳልነበረ ይገባዋል። በሕፃንነቷ በእስፓኞች ተማርካ በኋላ በአስተርጓሚነት ያገለገለችው ካታሊና ደግሞ በ1974 ሐውልት ቆሞላታል። መልኳን የሚያሳይ የዘመኑ ሥዕል ስለሌለ ቀራጺው ከሐሳቡ አመንጭቶ ሠራት። ይሁንና የከተማይቱ የፊልም ፌስቲቫል ለአሸናፊዎች የሚሸልመው የእሷኑ ምስል ነው።

ካርታኼና የእስፓኝ የሀብት መርከቦች የሚያርፉባት ወደብ በመሆኗ የባሕር ወንበዴዎች ዐይን ከእሷ አልተነቀለም። በ1586 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ ከተማይቱን ያዘ፤ በመሠራት ላይ የነበረውን ካቴድራል ጐዳ፤ 107,000 ዱካት ተቀብሎም ለቀቃት። በዚያው ዓመት የእስፓኝ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ባቲስታ አንቶኔሊ የተባለውን ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ለአዲስ ምሽግ ሥራ ሾመ። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲታነፅ፣ ማዕበል ሲንደው፣ እንደገና ሲታነፅ ቆየ። ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። በሳን ላሳሮ ኮረብታ ላይ በ1657 የተሠራው የሳን ፌሊፔ ምሽግ በ18ኛው መቶ ዓመት ተስፋፍቶ ኮረብታውን በሙሉ ዋጠው። በሆዱ ውስጥ ያሉት የዋሻ መንገዶች እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዐይን የተሰወረ ነው፤ ከ1771 እስከ 1778 የጠላት መርከብ በሰፊው የባሕር በር እንዳይገባ ከውኃው በታች የድንጋይ ግድብ ተደረደረ። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ስፍር አልነበረውም። ንጉሡ በቤተ መንግሥቱ መስኮት ቆሞ ወደ ምዕራብ እየተመለከተ፣ ይህን ያህል ወጪ የበላ ግንብ ከዚህ ሆኖ መታየት ነበረበት ሲል አሾፈ የሚል ተረት በከተማይቱ ይነገራል። ይኸው ተረት ስለ ሌሎች ምሽጎችም ስለሚተረት ብዙ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ተረቱ ንጉሡን ያስታውሳል፤ የታሪክ መጻሕፍት አንቶኔሊን፣ ከእሱም በኋላ ሥራውን የመሩትን ክሪስቶባል ዴ ሮዳንና አንቶኒዮ ዴ አሬቫሎን ይጠራሉ። ግንቡን በቅርብ የሚመረምር ሰው ደግሞ በብዙው ድንጋይ ላይ የባሕር ፍጥረታት አጽም ተቀርፆ ያያል። ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ነው። ይህን ድንጋይ የቈረጡት፣ ኖራውን በእቶን ያቃጠሉት፣ በጀልባ ያጋዙት፣ በጫንቃቸው ወደ ላይ ያወጡት በአብዛኛው ከአፍሪካ በሰንሰለት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ስማቸው በግንቡ ላይ አልተጻፈም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ17ኛው መጀመሪያ ካርታኼና የእስፓኝ መንግሥት ለባሪያ ንግድ ከፈቀደላቸው ጥቂት ወደቦች ዋነኛዋ ሆነች። በዘመናቱ ውስጥ በዚህች ወደብ የተራገፉት አፍሪካውያን ከአንድ መቶ ሺህ እንደሚበልጡ ይገመታል። ከጊኒ ጠረፍ፣ ከኮንጎና ከአንጎላ ተጭነው በመርከብ ሆድ ውስጥ ወራት ያሳለፉት ሰዎች ወደ መጋዘን ይገባሉ፤ ጥቂት ቀን ይቀለባሉ፤ ሰውነታቸው በዘይት ይታሻል፤ ከዚያም ለገዢ ይቀርባሉ። ይህን ሁሉ በዐይኑ ያየና በጽሑፍ ያቈየ አንድ ሰው አለ። እሱም በ1605 ወደ ካርታኼና የመጣው፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው አሎንሶ ዴ ሳንዶቫል ነው። ሳንዶቫል ወደ መርከቦቹ እየወረደ ሰዎቹን በአስተርጓሚ ያነጋግር፣ አገራቸውንና ቋንቋቸውን ይመዘግብ ነበር። መጽሐፉ በ1627 በሴቪያ ታተመ፤ በ1647 ሲታተም ደግሞ በላቲን የተሰጠው ርእስ ስለ ኢትዮጵያውያን መዳን የሚናገር ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ቆም ማለቱ አይቀርም። ሳንዶቫል «ኢትዮጵያውያን» የሚላቸው ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን በወረሰው ልማድ መሠረት ጥቁር ሕዝቦችን ሁሉ ነው። የእሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔድሮ ክላቬርም በ1622 የመጨረሻውን የምንኵስና ቃል ሲፈርም ራሱን የኢትዮጵያውያን የዘለዓለም ባሪያ ብሎ ጻፈ። አገናኛቸው አጋጣሚ ቢሆንም ልብ የሚነካ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ ከውቅያኖሱ ወዲህ፣ በዚያው ማኅበር መነኰሳት ግፊት አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው አገሪቱን ለአሥር ዓመት የደም መፋሰስ ዳረጓት፤ በኋላም አፄ ፋሲል መነኰሳቱን ከአገር አስወጡ። ኢትዮጵያ የራሷ ንጉሥና የራሷ ሊቃውንት ኖረዋት «አልቀበልም» ማለት ቻለች። በካርታኼና መጋዘን ውስጥ በስሟ የተጠሩት ሰዎች ግን እንቢ የሚሉበት ሸንጎ አልነበራቸውም።

ክላቬር በ1610 ካርታኼና ደርሶ በ1654 እስኪሞት ድረስ የታመሙትን አስታመመ፣ ቁስላቸውን አጠበ፣ ምግብና ውኃ ይዞ ወደ መርከቦቹ ወረደ። በ1888 የቅድስና ማዕርግ ተሰጠው፤ አጽሙም በስሙ በሚጠራው ቤተ ክርስቲያን መንበር ሥር ተቀምጧል። ቅንነቱን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን በየመርከቡ ተከትለውት እየገቡ የአንጎላን፣ የኮንጎንና የጊኒን ቋንቋዎች ያስተረጎሙለት ሰዎች እነማን ነበሩ? የማኅበሩ ኮሌጅ በገንዘብ የገዛቸው ባሪያዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ አንድሬስ ሳካቡቼ የተባለው የአንጎላ ተወላጅ፣ ክላቬር ከሞተ በኋላ ስለ ሥራው ምስክርነት ከሰጡት መካከል ይገኛል። ስለ ቅዱሱ ምሕረት ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው እንግዲህ ራሳቸው ነጻ ካልነበሩ ሰዎች አንደበት ነው። ክላቬር ባርነቱን ለማለዘብ ደከመ፤ ሥርዐቱን ግን አልነካም።

ሥርዐቱን የነኩት ሌሎች ናቸው። በ1599 ቤንኮስ ቢዮኾ የተባለ አፍሪካዊ ሚስቱንና ጓደኞቹን ይዞ ከካርታኼና ሸሸ። በረግረጉና በጫካው ውስጥ በአጥር የተከበበ መንደር መሥርቶ፣ ሊመልሱት የተላኩትን ወታደሮች ደጋግሞ ድል ነሣ። የከተማይቱ ሹማምንት ሊያሸንፉት ስላልቻሉ ዕርቅ ጠየቁ፤ ዕርቁንም ራሳቸው አፈረሱት። በ1621 ይዘው ሰቀሉት። የሸሹት ሰዎች መንደሮች ግን አልጠፉም። ከካርታኼና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሳን ባሲልዮ ፓሌንኬ መንደር ነጻነቷን በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእስፓኞች ዘንድ አሳወቀች። ሕዝቧ ዛሬም የሚናገረው ቋንቋ ቃላቱ በአብዛኛው ከእስፓኝኛ፣ ከእነሱም መካከል ከኮንጎ ወንዝ አገር የመጡ ብዙዎች የተቀላቀሉበት ነው። ሙታኑን የሚሸኘው ሉምባሉ በሚባል የለቅሶ ዜማና ከበሮ ነው። ዩኔስኮ የመንደሯን ባህል በ2005 ከሰው ልጅ የቃልና የመንፈስ ቅርሶች ተርታ መደበው። ስፖርት ወዳዱ ደግሞ መንደሯን በ1972 የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን በሆነው በልጇ በአንቶኒዮ ሴርቫንቴስ ያውቃታል።

በካርታኼና ጎዳናዎች ሰፌድ ሙሉ ፍራፍሬ በራሳቸው ተሸክመው፣ ደማቅ ቀሚስ ለብሰው የሚታዩት ሴቶች የዚህችው መንደር ልጆች ናቸው። ፎቶግራፋቸው በየፖስታ ካርዱ ላይ ይገኛል። ሙዝና ማንጎ ሲሸጡ የሚያየው ጎብኚ እናቶቻቸው በጸጕራቸው ሹሩባ የማምለጫ መንገድ ካርታ ይሠሩ ነበር የሚለውን የመንደሯን ትውፊት ቢሰማ ከፎቶግራፉ ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያገኝ ነበር። በከተማይቱ ድኻ ሰፈሮች በግዙፍ የድምፅ ማጉያ የሚደለቀው ሻምፔታ የተባለው ሙዚቃም ከዚሁ ምንጭ የራቀ አይደለም። ከኮንጎ፣ ከናይጄሪያና ከደቡብ አፍሪካ መርከበኞች ያመጧቸው ሸክላዎች በካርታኼና የራሳቸውን ቅኝት ወለዱ። ለረጅም ጊዜ የከተማይቱ ባለጸጎች ሙዚቃውን የወራዳ ጩኸት ይሉት ነበር።

የ1741 ጦርነት በአስጎብኚዎች ዘንድ ከሁሉ የተወደደ ወግ ነው። እንግሊዛዊው አድሚራል ቬርነን ወደ 180 በሚጠጉ መርከቦች ከ20,000 በላይ ሰው አስከትሎ መጣ። አንድ እግሩን፣ አንድ ዐይኑንና የአንድ እጁን አገልግሎት በልዩ ልዩ ጦርነት ያጣው ብላስ ዴ ሌሶ ከጥቂት ሺህ ተከላካዮች ጋር ጠበቀው። እንግሊዞች ድሉን አስቀድመው በመተማመን ሌሶ ተንበርክኮ የሚታይበት ሜዳልያ በአገራቸው ቀርፀው ነበር። በሳን ፌሊፔ ምሽግ ላይ ያደረጉት ጥቃት ግን ከሸፈ፤ ከጥይቱ ይልቅ ቢጫ ወባና ተቅማጥ ፈጃቸው። ሌሶም በዚያው ዓመት ሞተ። ከተከላካዮቹ መካከል ጥቁሮችና ክልሶች እንደ ነበሩበት ብዙ ጊዜ አይነገርም። በ2014 የእንግሊዙ ልዑል ቻርልስ በዚያ ጦርነት ለሞቱት እንግሊዛውያን መታሰቢያ የሚሆን የድንጋይ ጽላት በምሽጉ አጠገብ መረቀ። የከተማይቱ ሰው ተቈጣ፤ አንድ ሰው በመዶሻ ሰባበረው፤ ባለሥልጣኖቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ አስነሡት። የወራሪው ስም በድንጋይ እንዳይጻፍ የተነሣው ቍጣ ተገቢ ነው። የግንበኞቹ ስም ስላልተጻፈበት ግንብ ግን እንዲህ ያለ ቍጣ አልተሰማም።

ከግንቡ ዋና ክፍል ወጣ ብሎ የሚገኘው የጌትሴማኒ ሰፈር የዕደ ጥበብ ሠራተኞች፣ የነጻ ጥቁሮችና የክልሶች መኖሪያ ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን 1811 በፔድሮ ሮሜሮ የሚመራው የሰፈሩ ሕዝብ መሣሪያ ይዞ ወደ ከተማይቱ ገባ። ባለጸጎቹ የአገሩ ተወላጆች ሲያመነቱ ከእስፓኝ ፍጹም ነጻነት እንዲታወጅ ያስገደደው ይህ ሕዝብ ነው። በ1815 የእስፓኙ ጄኔራል ሞሪዮ ከተማይቱን ከሦስት ወር በላይ ከበባት። ሰው ቈዳና አይጥ እስኪበላ ድረስ ተራበ፤ ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ አለቀ። ያ በአፍሪካውያን ላብ የታነፀው ግንብ ያን ጊዜ ነጻነቷን ያወጀችውን ከተማ አጠረ፤ ረኃብን ግን ሊመክት አልቻለም። ያመለጡት በባሕር ወደ ሃይቲ ሸሹ፤ የሃይቲው ፕሬዚዳንት ፔትዮንም ለቦሊቫር መሣሪያና መርከብ ሲሰጥ ባሪያዎችን ነጻ እንዲያወጣ ቃል አስገባው። ካርታኼና በ1821 ነጻ ወጣች። የባርነት ፍጻሜ ግን በሕግ የተረጋገጠው በ1852 መባቻ ነው፤ ለነጻነት የተዋጋው ባሪያ ለራሱ ነጻነት ሠላሳ ዓመት ጠበቀ።

ከዚያ ወዲያ ግንቡ የተናቀበት ጊዜም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ከተማይቱን ለማዘመን ሲባል ከፊሉ ፈረሰ። የቀረው ከወደቡና ከምሽጎቹ ጋር በ1984 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከግንቡ ጋር የተሠሩት፣ በኋላም እስር ቤት የሆኑት 23 ጓዳዎች ዛሬ የቅርጫትና የባርኔጣ መሸጫ ናቸው። በጌትሴማኒም ሆቴልና ምግብ ቤት በየደጁ ተከፍቷል፤ የቤት ዋጋ ስለ ናረ የሰፈሩ ነባር ቤተሰቦች አንድ በአንድ እየለቀቁ ነው። ያልለቀቁት ሲመሽ እንደ አባቶቻቸው ወንበራቸውን ከደጃፍ ያወጣሉ። በሥላሴ አደባባይ፣ ከፔድሮ ሮሜሮ ሐውልት አጠገብ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷም አልፎ አልፎ ከእንግዶቹ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።