የ75 ሳንቲም ጉድለት

ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ መጀመሪያ የማየው፣ ሌሊቱን ማን ስንት ሰከንድ ፕሮሰሰር እንደፈጀ የሚያሳየውን ማጠቃለያ ነው። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ሲሰለቸኝ በርክሌይን አስባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር እንደ ስልክ ወሬ በጊዜ እየተቆጠረ ይከፈልበት ነበር። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና አንድ ፕሮግራም ባበቃ ቁጥር የፕሮግራሙን ስም፣ ባለቤቱንና የፈጀውን ጊዜ ይመዘግብ ነበር፤ ያ ተደምሮ ለተጠቃሚዎቹ ሒሳብ ይሆን ነበር። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ክሊፎርድ ስቶል ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ እንደተዛወረ ሒሳቡ በ75 ሳንቲም አልገጥም አለ። ዘጠኝ ሰከንድ ያህል መሆኑ ነው። እኔ ብሆን ከኪሴ ከፍዬ እዘጋው ነበር! እሱ ግን ከፋይ የሌለው አንድ ተጠቃሚ አገኘ። ስሙን ሰርዞም አላረፈም፤ በተውሶ የሰበሰባቸውን ማተሚያዎች ከስልክ መስመሮቹ ጋር አገናኝቶ፣ እዚያው እያደረ፣ ሰርጎ ገቡ የሚጽፈውን ሁሉ በወረቀት አስቀረ። ዱካው ምዕራብ ጀርመን፣ ሃኖቨር፣ ማርኩስ ሄስ ዘንድ አደረሰው። ሰውየው የለቀመውን መረጃ ለሶቭየቱ ኬጂቢ ይሸጥ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እኔም አንድ የማላውቀው ስም አየሁ፤ አራት ሰከንድ። ልቤ ዘለለች። ከፍቼ ረስቼው የነበረ የራሴ የሙከራ አካውንት ሆኖ ተገኘ።