ቤት ያዘለች መኪና

የአሜሪካዊው ደራሲ የጆን ስታይንቤክ ስም ሲነሣ አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው በድርቅና በዕዳ ከመሬታቸው ተፈናቅለው፣ ጓዛቸውን ባረጀ መኪና ላይ ቆልለው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱትን ገበሬዎች ነው። ያ ልብ ወለድ የታተመው በ1939 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ21 ዓመት በኋላ ደራሲው ራሱ ቤቱን በመኪና ጭኖ መንገድ ጀመረ። የልብ ወለዱ ሰዎች ቤት ስላጡ መኪናቸውን ቤት አደረጉ፤ እርሱ ግን በኒውዮርክ ከተማና በሳግ ሃርበር የባሕር ዳርቻ ሁለት ቤት እያለው ሦስተኛውን በፒክአፕ ላይ አስጫነ። የዚያች መኪና ታሪክ፣ እንዲሁም በመንገድ ላይ ያለ ሰው የት ያድራል የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ከሚመስለው ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው።

በ1959 መጨረሻ ስታይንቤክ ታሞ ነበር። ሐኪሞችና ወዳጆች እንዲያርፍ፣ እንዲጠነቀቅ ይመክሩታል፤ እርሱ ደግሞ ለጥቂት ተጨማሪ ዓመታት ሲል እንደ እንቁላል ተጠብቆ መቀመጥን ይጠላል። በዚያ ላይ ስለ አሜሪካ እየጻፈ የሚኖር ሰው ለሩብ ምዕት ዓመት ያህል አገሩን በቅርብ እንዳላያት ተሰማው። በሆቴል ቢያድር ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ስሙ ከታወቀ ሰዎች የሚነግሩት ለታዋቂ ሰው የሚነገረውን ብቻ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ የማንንም ደጅ ሳይጠና የሚያድርበትን ቤት ይዞ ለመሄድ ቆረጠና ለአንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። በነሐሴ ወር የደረሰችው አረንጓዴ የጂኤምሲ ፒክአፕ፣ «ሦስት ሩብ ቶን» በሚባለው መደብ የምትገኝ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና ከተለመደው የተለቀ ዲናሞ ያላት ነበረች። በጀርባዋ ያለውን ቤት የሠራው በሚሺጋን ግዛት የሚገኝ ዎልቨሪን የተባለ ድርጅት ነው። ደራሲው የዶን ኪኾቴን ከሲታ ፈረስ ስም ወስዶ «ሮሲናንቴ» አላት፤ ስሟንም በ16ኛው ክፍለ ዘመን የስፓኝ የአጻጻፍ ስልት በጎኗ ላይ አስጻፈ።

ይህን ዓይነቱን ተሽከርካሪ በአማርኛ ምን እንበለው? ለተርጓሚ የሚያስቸግሩት እንዲህ ያሉት ቃላት ናቸው። «ተጎታች ቤት» ብንል ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይኸኛው ይታዘላል እንጂ አይጎተትም። «ተንቀሳቃሽ ቤት» ለሁሉም ስለሚሆን አንዱንም አያሳይም። ነገሩ ራሱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ ጎንደር እስክትቆረቆር ድረስ በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ «ከተማ» የሚለው ቃልም ቀድሞ የጦር ሰፈርን ያመለክት ነበር። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በትሬንታ ኳትሮና በኤንትሬ የአሰብን መንገድ ይመላለሱ የነበሩ ሹፌሮችና ረዳቶች ጋቢናውን መኝታ፣ የካሶኔውን ጥላ ቡና ማፍያ አድርገውት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ተስማሚ ቃል እስኪገኝ «ካምፐር» በሚለው እንቀጥል።

ካምፐር ማለት በፒክአፕ ካሶኔ ላይ የሚቀመጥ የቤት ሣጥን ነው። ሲያስፈልግ በክሪክ ይነሣል፤ መኪናው ከሥሩ ወጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ቤቱም ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። በሞተር የሚሄድ ቤት ከዚያ በፊትም ነበር፤ ፈረንሳዊው ደራሲ ሬይሞን ሩሴል በ1920ዎቹ አጋማሽ መኝታና መታጠቢያ ያለው ግዙፍ ተሽከርካሪ አሠርቶ እስከ ሮማ ሄዶበታል። ያ የባለጠጋ ቅንጦት ነበር። ካምፐር ግን የተወለደው በአናጢዎች ጓሮ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች በፒክአፓቸው ላይ ኮምፔንሳቶ መትተው፣ ከላይ የአሉሚኒየም ላሜራ አልብሰው ማደሪያ ያበጁ ጀመር፤ አነስተኛ ፋብሪካዎችም ተከተሏቸው። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል፣ ማለትም 66,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአውራ ጎዳና መረብ እንዲዘረጋ ሲያደርግ ገበያው ሰፋ። በ1960ዎቹ እንደ ፎርድ ያሉት ኩባንያዎች ለካምፐር ተብለው የተዘጋጁ፣ ባሌስትራቸው የጠነከረ ፒክአፖችን መሸጥ ጀመሩ።

የሮሲናንቴ ውስጥ ምን ነበረ? ድርብ አልጋ፣ ባለ አራት ዓይን ምድጃ፣ ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣ፣ መብራት፣ በኬሚካል የሚሠራ መጸዳጃ፣ ቁም ሣጥን፣ ትንኝ የማያስገባ ወንፊት የተገጠመላቸው መስኮቶች። ምድጃውም ማቀዝቀዣውም መብራቱም የሚሠሩት በጋዝ ነው። ስታይንቤክ ጋዙን ቡታን ይለዋል። ንጹሕ ቡታን በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መትነኑን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ስለሚተን የብርድ አገር መንገደኞች እርሱን ይመርጣሉ። በእሳት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። በ1922 ሁለት ወጣት ስዊድናውያን የፈለሰፉት ይህ መሣሪያ ሞተር የለውም፤ አሞንያ በሙቀት ኃይል ከውኃ እየተለየና ተመልሶ እየተዋሐደ ብርዱን ይፈጥራል። ፈሳሹ የሚወርደው በስበት ብቻ በመሆኑ መኪናው ዘመም ብሎ ከቆመ ማቀዝቀዣው ሥራውን ያቆማል። የድሮ ካምፐር ያለው ሰው የግንበኛ ውኃ ልክ ከመሣሪያ ሣጥኑ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጓዝን በተመለከተ ስታይንቤክ ልክ አያውቅም ነበር። የመኪና መፍቻ፣ የአደጋ ጊዜ ምግብ፣ የአደን ጠመንጃዎች፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች፣ ለእንግዳ የሚሆን መጠጥ፣ በዚያ ላይ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ፣ አንድ ቀን አነባቸዋለሁ ያላቸው መጻሕፍት። (መጽሐፍ ወዳድ መንገደኛ ሁሉ ይህን ኃጢአት ያውቀዋል።) ከብልሃቶቹ ሁሉ የሚደነቀው የልብስ አጠባው ነው። ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ በሚሳብ ገመድ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንጠለጠለ፤ ልብሱን፣ ውኃውንና ሳሙናውን ጨምሮ መንገድ ይጀምራል፤ ቀኑን ሙሉ የመንገዱ ንዝረት ሲያሸው ይውላል፤ ማምሻውን ማለቅለቅ ብቻ ይቀራል።

የጭነቱ ዕዳ የተከፈለው በኦሪገን ነው። በአንድ ዝናባማ እሑድ የኋላ ጎማዎቹ ከዳተኛ ሆኑ፤ ከመደቧ በላይ የተጫነችው መኪና በጭቃ መካከል ቆመች። አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት በበዓል ቀን ስልክ እየደወለ ለክብደቱ የሚመጥኑ ጎማዎች ባያፈላልግለት ኖሮ ጉዞው እዚያው ይዘገይ ነበር። ለማንም ሳላስቸግር ብሎ የወጣ ሰው እንግዲህ በመጨረሻ ጎሚስታ ያስፈልገዋል።

ዛሬ የዚያን ዘመን ካምፐር ገዝቶ ለማደስ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የላሜራውን ውበት ነው። አይታለል። ውኃ በጣራው መጋጠሚያና በመስኮቱ ዙሪያ ጠብ እያለ ገብቶ ውስጡን እንጨት ሲያበሰብሰው፣ አሉሚኒየሙ ለዓመታት እያብለጨለጨ ሊቆይ ይችላል። ቶሎ የሚበሰብሰው ከጋቢናው በላይ የሚንጠለጠለው የአልጋው ክፍል ነው፤ ማዕዘኑን በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ ዋጋው የተጠየቀውን ያህል አይደለም። ቀጥሎ የጋዙ ቧንቧ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክብደት ነው። የቤቱ የክብደት ማዕከል ከኋላ ዘንጉ ፊት ካልዋለ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል፣ መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም አያስተማምንም። የአሜሪካ መንግሥት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ ካምፐር ክብደቱንና የክብደት ማዕከሉን የሚገልጽ መረጃ ይዞ እንዲሸጥ አዘዘ። ከዚያ በፊት የተሠሩትን የገዛ ሰው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ወደ ሚዛን ጣቢያ ቢሄድ ይበጀዋል።

ስታይንቤክ ቻርሊ የተባለውን ውሻውን አስከትሎ መስከረም 23 ቀን 1960 ከሳግ ሃርበር ተነሣ፤ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ መጀመሪያ ተመለሰ። ቤቱን ይዞ የወጣው የማንም እንግዳ ላለመሆን ነበር፤ ቤቷ ግን እርሱን አስተናጋጅ አደረገችው። በሜይን ግዛት ድንች ለመልቀም ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ወደ ውስጥ ጋብዞ በዚያች ጠባብ ጓዳ ሲያጫውታቸው ያመሸበት ክፍል ከመጽሐፉ ምዕራፎች ሁሉ ይልቅ የሚሞቅ ነው።

ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኅዳር 14 ቀን 1960 የስድስት ዓመቷ ሩቢ ብሪጅስ በፌደራል ፖሊሶች ታጅባ በኒው ኦርሊንስ ዊልያም ፍራንዝ ወደሚባለው፣ እስከዚያ ቀን የነጮች ብቻ ወደነበረው ትምህርት ቤት ገብታለች። በየጠዋቱ ነጭ ሴቶች በደጁ ተሰልፈው ሕፃኗን ይሳደባሉ። ስታይንቤክ ይህን ለማየት ወሰነ፤ የኒውዮርክ ታርጋ ያላት ሮሲናንቴ ጠብ ትጠራለች ብሎ በመኪና ማቆሚያ ትቷት በታክሲ ሄደ። በጉዞው ሁሉ ያየውን ትልቁን ነገር ያየው እንግዲህ ያለ ቤቱ፣ በእግሩ ቆሞ ነው። ከዚያ በኋላ በመንገድ ዳር የሚያዘግም አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ ለማሳፈር እንዳቆመ ይተርካል። ሽማግሌው ተጨንቀው ገቡ፤ ተጨንቀው ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይርቁ ልውረድ አሉ። የሜይኖቹን ለቃሚዎች ያስተናገደች መኪና ለእኚህ ሰው ወጥመድ ሆና ታየቻቸው።

ሽማግሌው ለምን እንደፈሩ ለመረዳት የዘመኑን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ስታይንቤክ ሆቴልን የሸሸው ስሙ እንዳይታወቅ ብሎ ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ገንዘብ ይዘው እንኳ የማያድሩበት፣ የማይበሉበት፣ ከመሸም የማይቆሙበት ከተማ ብዙ ነበር። በሃርለም ይኖር የነበረው ፖስታ አዳዩ ቪክተር ሁጎ ግሪን ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ የሚቀበሉ ማደሪያዎችንና ምግብ ቤቶችን የሚዘረዝር «ግሪን ቡክ» የተባለ መመሪያ ያሳትም ነበር፤ መመሪያው ከእርሱ ሞት በኋላም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ መታተሙ አልቀረም። ችግሩ ለአፍሪካውያንም ደርሷል። በ1957 የጋናው የገንዘብ ሚኒስትር ግቤዴማ በዴላዌር በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው የብርቱካን ጭማቂ እንዳይጠጡ ተከለከሉ፤ አይዘንሃወርም ለቁርስ ጋብዘው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ። በ1961 አዲሱ የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ፣ በሜሪላንድ በ40ኛው አውራ ጎዳና ላይ ቡና ተከለከሉ። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከማያውቀው ሰው ደጅ መቆም በሚቻልበት አገር ላደገ አንባቢ፣ አምባሳደር ሆኖ ሲኒ ቡና መነፈግ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቦታዎች በዘር መለየትን በመላው አገሪቱ የከለከለው ሕግ የወጣው በሐምሌ 1964 ነው።

መጽሐፉ በ1962 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ስታይንቤክ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሮሲናንቴም የካምፐር ባለቤቶች ሁሉ ምሳሌ ሆነች። በ2010 ግን ቢል ስታይገርዋልድ የተባለ ጋዜጠኛ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ተጉዞ፣ ደብዳቤዎችንና የመጀመሪያውን ረቂቅ መርምሮ፣ ደራሲው ብዙዎቹን ሌሊቶች ያሳለፈው በሆቴል፣ በሞቴልና በወዳጆቹ ቤት እንደሆነ፣ ለብዙ ቀናትም ባለቤቱ ኢሌን አብራው እንደነበረች በ2011 ጻፈ። አሳታሚው በ2012 ባወጣው እትም መግቢያ ላይ መጽሐፉ ቃል በቃል እንዳይወሰድ የሚያሳስብ ሐሳብ ተጨመረ። በእኔ አስተያየት ጋዜጠኛው ስለ ሌሊቶቹ ትክክል ነው። ብቻውን የተጓዘ ሰው መስሎ መቅረብም ጥቂት ነገር አይደለም፤ አንባቢው ያመነው በዚያ ብቸኝነት ላይ ነውና። የኒው ኦርሊንሶቹ ሴቶችና የሕፃኗ ጉዳይ ግን በስታይንቤክ ምስክርነት ብቻ የቆመ አይደለም፤ በጋዜጣና በፊልም የተቀረጸ ነው። ሽማግሌው በእውነት በመኪናዋ ተሳፍረው እንደሆነ ወይም ደራሲው ከብዙ ሰዎች አንድ ሰው ሠርቶ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ፍርሃታቸው ግን በግሪን ቡክ ገጾች ላይ በአድራሻ ተዘርዝሯል።

ስታይንቤክ በታኅሣሥ 1968 አረፈ። መኪናዋ ከጉዞው በኋላ በሌላ ሰው እጅ ገብታ የእርሻ ሥራ ስትሠራ ቆይታ፣ ዛሬ በትውልድ ከተማው በሳሊናስ፣ በ1998 በተከፈተው ብሔራዊ የስታይንቤክ ማዕከል ውስጥ ቤቷን እንዳዘለች ቆማለች። የግሪን ቡክ ቅጂዎች ደግሞ በሃርለም በሚገኘው የሾምበርግ የምርምር ማዕከል ተጠብቀዋል፤ ብዙዎቹን እትሞች በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል።