ከጥሩምባ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳ
የነፋስ ስልክ ነዋሪ ወሬውን ሲሰማበት የኖረው መንገድ

በአዲስ አበባ የሰፈር ስሞች አብዛኞቹ ከመኳንንት፣ ከጦር ሰፈር ወይም ከደብር የተገኙ ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር ሲባል የስሙ ምንጭ ከስሙ ጋር ይነገራል። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው አካባቢ ግን ሁለት ዓይነት ስሞችን ይዞ ይገኛል። አንዱ ዓይነት ከከተማዋ መቆርቆር በፊት የነበረ የኦሮምኛ ስም ነው። መካኒሳ የብሳና ዛፍ፣ ላፍቶ የግራር ዛፍ ስም ሲሆን፣ ጀሞም ከዚያው ወገን ይቆጠራል። ሁለተኛው ዓይነት ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ይዛ የመጣችው ነው። ከዚህኛው ወገን እንደ ነፋስ ስልክ የሚያስገርም የለም፤ ሰፈሩ የተጠራው በሹም ወይም በታቦት ስም ሳይሆን፣ ወሬ በሚያስተላልፍ መሣሪያ ስም ነውና።

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን ፍችውም ሽቦ ማለት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ሕዝቡ ነገሩንም ድምፁንም በሽቦው ስም ጠራው። ከዚያ በኋላ ሽቦ የሌለው መሣሪያ መጣና ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ በኩል ማማው ሲቆም፣ ወሬውን የሚያደርሰው ነፋሱ ነው ተብሎ ታሰበና «ነፋስ ስልክ» ተባለ። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ የነፋስ ሽቦ ማለት ስለሚሆን፣ ሽቦ አልባው መሣሪያ በሽቦ ስም ተጠርቶ ቀረ። ስም አውጪው ማን እንደሆነ ባይመዘገብም፣ ያወጣው ስም ከብዙ የቢሮ ትርጉም የተሻለ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያ የተሠራው አንሳልዶ በተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሠሪውና ወራሪው ከአንድ አገር የመጡ መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው፤ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እቴጌ መነንና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኢጣሊያ ሊፈጸም የተቃረበውን ወረራ ለዓለም ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነበርና። ሆኖም የደቡቡ አየር የኢትዮጵያን አቤቱታ እስከ ባሕር ማዶ ሲያደርስ፣ ከማማው ግርጌ የሚኖረው ሰው የሰፈሩን ወሬ የሚሰማው በሌላ መንገድ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ያ ሌላው መንገድ ነው።

ቀድሞ የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በዐዋጅ ነጋሪ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ዐዋጁ ይነገራል፤ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዛል። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በ1894 እና በ1895 ዓ.ም. አካባቢ በግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ስለ ነበር፣ ነጋሪቱን ሊተካ ቀርቶ ከቤተ መንግሥት ብዙ አልራቀም። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው «ብርሃንና ሰላም» አንባቢ አፈራ፤ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተከተለ። ይሁን እንጂ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ጋዜጣ የሚያነበው አንድ ሰው ሲሆን የሚያዳምጠው መላ ጎረቤት ነበር። ስለዚህ ጋዜጣውም ቢሆን ወደ ሰፈር የሚገባው በአፍ ነው።

የከተማዋ አስተዳደር በበኩሉ ቀስ እያለ ቅርጽ ያዘ። ማዘጋጃ ቤት በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ሲቋቋም የመጀመሪያው ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ወጣ፤ ለከተማ ምክር ቤትም ምርጫ ተፈቀደ። ነገር ግን መራጭ ለመሆን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በኪራይ ቤት የሚኖረው ሰው በሚኖርባት ከተማ ጉዳይ ድምፅ አልነበረውም። በነፋስ ስልክና በአቃቂ መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ሲቆሙ፣ ከየአውራጃው ለሥራ የመጣው ወዛደር በብዛት ተከራይ ነበር። የቀለም ፋብሪካው የሰፈሩን ስም ሲወስድ፣ ሠራተኛው ግን በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ስሙ የሚጻፍበት ምክንያት ብዙም አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውበት የሚነቀፍ አይደለም፤ ከሳሪስ ሲታይ ግን ሩቅ ነበር።

እንግዲህ ይህ በምክር ቤት ያልተወከለ ሕዝብ ጉባኤ አልነበረውም ማለት አይደለም። ጉባኤው ዕድር ነበር።

የዕድር አጀማመር እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ከጉራጌ አገር የመጡ ሰዎች በከተማዋ እንደጀመሩት የሚናገሩ አሉ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ሰው ዘመዱን በሥርዓት ለመቅበር ሲቸገር የተስፋፋ መሆኑን የሚያስረዱም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕድር የከተማ ልጅ መሆኑ ነው። በገጠር ዘመድና ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። በከተማ ግን ጎንደሬው ከወላይታው፣ ከምባታው ከመንዜው ግድግዳ ተጋርቶ ሲኖር፣ ሞት በመጣ ጊዜ ማን ለማን እንደሚቆም አስቀድሞ መስማማት ግድ ሆነ። ስለሆነም ወርኃዊ መዋጮ ተወሰነ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፤ ከቀብር ለቀረ መቀጫ ተደነገገ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ ተገዛ። ሴቶቹ የራሳቸውን ዕድር አቁመው የንፍሮውንና የእንጀራውን ኃላፊነት ወሰዱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዕድሩ ጥሩምባ ነበረው። ጥሩምባ ነፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንገዱ መታጠፊያ ላይ ይቆምና ይነፋል። ሰው ከመኝታው ቀና ይላል፤ ውሻ ይጮኻል። ከዚያም የሟቹ ስም ከነአባቱ፣ ቤቱ የሚገኝበት ቦታ፣ የሚቀበርበት ደብርና ሰዓቱ ይነገራል። እማማ እከሊት ከአልጋቸው ሆነው «ማነው እሱ?» ብለው ጎረቤታቸውን በግድግዳ በኩል ይጠይቃሉ። በዚያች ቅጽበት ሰፈሩ አንድ ጆሮ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ አዳማጭ ኖሮት አያውቅም። በ1950ዎቹ ዓመታት ከንቲባ ዘውዴ ገብረ ሕይወትና ባልደረቦቻቸው ዕድሮች መንገድ በማውጣት፣ ውሃ በማስገባትና በመሳሰለው ልማት ከማዘጋጃ ቤት ጋር እንዲተባበሩ የጣሩት፣ ይህን ጉልበት ስለተረዱ መሆኑ ጥርጥር የለውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በዚያው ሰነድም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ቀበሌ የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአካባቢ ስምነት ወደ መንግሥት ስምነት ተለወጠ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፍለው ሰው የቤት ኪራይ ቀነሰለት። ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጡት ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች ለአንድ ዓመት ያህል ከመምረጥና ከመመረጥ ታገዱ። በአንድ ክረምት ድምፅ የነበረውና ያልነበረው ቦታ ተለዋወጠ። ስለ ዐዋጁ የተለያየ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ ተከራዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣቱን ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከተወረሰ ቤት ውስጥ ገባ፤ በበሩም ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቀለ። የሰፈር ወሬ በጽሑፍ መነገር የጀመረው በዚህ ሰሌዳ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የስኳር ራሽን መቼ እንደሚታደል፣ ለኅብረት ሱቅ ምን እንደመጣ፣ የፍርድ ሸንጎው የማንን ጉዳይ እንደሚያይ፣ የእሑዱ የጽዳት ዘመቻ ከየት እንደሚጀምር ይለጠፍበታል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ሰሌዳው አዲስ አንባቢ አገኘ። ባልቴቶች በቀበሌ አዳራሽ ፊደል ቆጥረው ሲወጡ መጀመሪያ የሚፈትኑት በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነበር። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱ ይታወቃል፤ የባልቴቷ ደስታ ግን ከሽልማቱ ሳይበልጥ አይቀርም።

በዚያው አዳራሽ የኪነት ቡድን ይለማመድ ነበር። የቀበሌው ወጣቶች ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ይዘው ውዝዋዜና ድራማ ያዘጋጃሉ፤ ከቀበሌ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ አዲስ አበባ እየተወዳደሩ ይወጣሉ። የሚዘፈነው አብዛኛው መፈክር በዜማ መሆኑ እውነት ነው፤ ዛሬ የሚሰማው ቢኖር ብዙው ይሰለቻል። ሆኖም ለቲያትር ቤት የመግቢያ ገንዘብ ያልነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ መድረክ ላይ መቆምን፣ ድምፅ ማውጣትንና ሕዝብን መጋፈጥን የተማረው እዚያ ነው። ከኪነት ቡድን ተነሥተው ባለሙያ የሆኑ ድምፃውያንና ተዋንያን ጥቂት አይደሉም። መፈክሩ ሲረሳ ሙያው ቀርቷል።

የቀበሌ ታሪክ ግን በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 104 የነዋሪዎቹን ማኅበራት ሥልጣን አሰፋ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድ መሣሪያ ታጠቀ፤ በዚያው ዓመት ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። ስኳር የታደለበት ግቢ እስር ቤት ሆነ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ሲጠራ መቅረት ያስጠረጥር ጀመር። ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ ሲያድር፣ ወላጆቻቸው እንዳያለቅሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ፣ ሐዘን እንዳይቀመጡ ተከለከሉ።

የሰፈር ወሬን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዕድር የተፈጠረው ሞትን ለመናገር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መናገር የተከለከለው ሞት ራሱ ሆነ። ጥሩምባው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ፤ ድንኳኑ እንደታጠፈ ተቀመጠ። ጎረቤት ሁሉን እያወቀ፣ ለቅሶ ለመድረስ የሚያስችል ማስታወቂያ አልነበረም። በምሽት በጓሮ በር ገብተው ከእናት አጠገብ ዝም ብለው ተቀምጠው የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ይህ በየትኛውም የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ላይ አልተጻፈም።

ከዚያ ወዲህ የከተማዋ አስተዳደር ቅርጹን ደጋግሞ ለውጧል። በደርግ ጊዜ 25 የነበሩት ከፍተኞች በኋላ ወረዳ ተብለው ቆዩ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትከፈል፣ ነፋስ ስልክ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የአንዱ ክፍለ ከተማ ስም ሆነ። የሬዲዮው ማማ ስምና የግራሩ ዛፍ ስም በአንድ ማኅተም ላይ ተገናኙ። ቀበሌዎቹ ቁጥራቸው ተቀንሶ ኋላ ወረዳ ሲሆኑ፣ መታወቂያ ሊያወጣ የሄደ ሰው ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ሲመላለስ መዋሉ የተለመደ ወሬ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተሞቹ 11 ደረሱ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚሄደው ቀላል ባቡር ሲከፈት ደግሞ «ነፋስ ስልክ» ሁለት ጣቢያዎች ተሰየሙለት።

ዕድሩ በዚህ ሁሉ መካከል በስሙም በሥራውም ጸንቶ ኖረ። በ1990ዎቹ ዓመታት የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ቀብሩን ሲያበዛው፣ የብዙ ዕድሮች ሣጥን ባዶ ሊሆን ተቃረበ። በዚህ የተነሣ ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመና ወላጅ ላጣ ሕፃን መቆም እንደሚያስፈልግ በየስብሰባው ተከራከሩ፤ ደንባቸውንም ያሻሻሉ ነበሩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ «የቀብር ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች ምክንያት ነበራቸውና።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ ሲሠሩ አዲስ ጥያቄ መጣ። ነዋሪው ወደ ጀሞ የመጣው ዕጣ ስለ ወጣለት ነው፤ ከአራት ኪሎ የመጣው ከመርካቶ ከመጣው ጋር በአንድ ደረጃ ይወጣል፤ አይተዋወቁም። ያም ሆኖ ቁልፍ ከተረከቡ ብዙም ሳይቆዩ የብሎኩ ሰዎች ተሰብስበው ዕድር አቆሙ። ግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ፣ በግ የሚታረድበትና ወጥ የሚሠራበት ስፍራ አከራከረ። ጥሩምባውም አከራከረ፤ ከመሬት የሚነፋው አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ለዘጋ ሰው አይሰማምና፣ በሌሊት ልጅ ይቀሰቅሳል የሚሉም ነበሩ። ስለዚህ በየብሎኩ የሟቹ ስም፣ የቀብሩ ሰዓትና ደብሩ በወረቀት ተጽፎ ምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ይለጠፋል፤ የእጅ ስልክ ላለውም መልእክት ይላክለታል። አንዳንዱ ብሎክ ግን ጥሩምባ ነፊውን አላሰናበተም፤ እየወጣ በየወለሉ ይነፋል።